የመጨረሻዎቹ አሥራ ሁለት ጓጉንቸሮች

ሰኞ፣ 94ኛ ቀን

ሰማንያ አንድ ዓመቴ ነው። ውሃዬን ራሴ እቀዳለሁ፣ ሸሚዜን ራሴ አጥባለሁ፣ ጢሜን ያለ መስታወት እላጫለሁ። ደረጃ ስወጣ የማርፈው አንድ ጊዜ ብቻ ነው፤ እሱም ቢሆን ደክሞኝ ሳይሆን መንገዱን ለማየት ነው። የማንኛውንም ጓጉንቸር ሆድ ጨለማ ውስጥ በጣቴ ፈትቼ እገጥማለሁ። የቀሩኝ ጥርሶች አምስት ናቸው፤ አምስቱም ሥራ ላይ ናቸው።

ይህን የምጽፈው ጠበቃዋ ጻፍ ስላለችኝ ነው። «በየቀኑ የሚበሉትን፣ ማን እንደረዳዎት ይጻፉ አባት፤ ለፍርድ ቤቱ ይጠቅመናል» አለች። ፊደል የቆጠርኩት ከሠላሳ ዓመቴ በኋላ ነው። ያስቆጠረችኝ ሚስቴ ናት፣ ነፍሷን ይማረውና። ጽሑፌ ቢንጋደድ ጥፋቱ የተማሪው ነው እንጂ የአስተማሪዋ አይደለም።

ቀኑን የምቆጥረው ልጄ ከሞተበት ጀምሮ ነው። ሌላ ቁጥር ልቤ አይይዝም።

ዛሬ የበላሁት፦ ዳቦና ሻይ። የረዳኝ፦ የለም።

ረቡዕ፣ 96ኛ ቀን

ሴቷ ልጄ እየጎተተች ጠበቃዋ ቢሮ ወሰደችኝ። ሦስተኛ ፎቅ። ሁለት ጊዜ መንገዱን አየሁ።

ጠበቃዋ ልጅ እግር ናት፤ ግን ስትናገር አትቸኩልም። «ልጅዎ በኑዛዜው ሱቁንም ቤቱንም ለሚስቱና ለልጁ ነው የተወው። የእርስዎ ስም የለበትም። ቢሆንም ሟች በሕይወት ሳለ ሲረዳው የነበረ ሰው ከውርሱ ላይ ቀለብ መጠየቅ ይችላል። በስድስት ወር ውስጥ ነው ታዲያ።»

«ቀለብ ለበቅሎ ነው» አልኳት።

ልጄ በጠረጴዛው ሥር እግሬን ረገጠችኝ።

«ሟች ይረዳዎት እንደነበር፣ የሟች ጥገኛ እንደነበሩ ማስረዳት አለብን።»

«ሟች፣ ሟች አትበይብኝ። ስም አለው። እኔም የማንም ጥገኛ አይደለሁም። ልጄ በየሁለት ሳምንቱ ቅዳሜ አንድ ደርዘን የተበላሸ ጓጉንቸር ከሱቁ ያመጣልኛል። የደንበኞቹ ነው። እጠግናለሁ፣ ይከፍለኛል። ይኸው ነው።»

«አሁንስ ማን ያመጣልዎታል?»

የቢሮዋ በር ሲዘጋ ያቃስታል። የመዝጊያው ምላስ ዘይት ይፈልጋል። ሳልነግራት ወጣሁ።

ስሜን አልጻፈውም። አንድ መስመር። ለኔ ሳንቲም አልፈልግም፣ ስሜን ብቻ። «አባቴ» ቢል ምን ነበረበት?

ቅዳሜ፣ 99ኛ ቀን

ጠዋት መኪና በቆመ ቁጥር ተነሳሁ። አራት ጊዜ። አራተኛው የዱቄት መኪና ነው።

ሲመጣ ከበሩ ሆኖ «አባዬ፣ ደግሞ መጡልህ!» ይላል። ከረጢቱን ሥራ ጠረጴዛዬ ላይ ዱብ ያደርገውና ዝቅተኛዋ ወንበር ላይ ጉልበቱ አገጩን እስኪነካው ይቀመጣል። ሻይ ያለ ስኳር። ስሠራ ዝም ብሎ ያየኛል። «ምን ታፈጣለህ?» ስለው «ምንም» ይላል።

የመጨረሻው ከረጢት አሁንም ምስማሩ ላይ ተሰቅሏል። ቅዳሜ አመጣው፣ ዓርብ ልቡ ቆመ። አሥራ ሁለት ጓጉንቸር አለበት። አልነካሁትም። ጊዜ አጣሁ።

እሑድ፣ 107ኛ ቀን

ሴቷ ልጄ ቤት ምሳ። ሾርባና ዶሮ። ከምሳ በኋላ ሶፋው ላይ ዓይኔን ጨፈን አደረግሁ፤ የተኛሁ መስሏቸው ኩሽና ውስጥ ተንሾካሾኩ።

«ኪራዩን ከየት አምጥቶ ይከፍላል? እዚህ ይምጣና ይረፍ» ትላለች ልጄ።

«ሞርሳውስ?» ይላል ባሏ፤ ብረት ነክሶ የሚይዝልኝን ማሰሪያዬን ነው።

«ይሸጣላ! ብረት አይደል እንዴ?»

«ሰውየው ያለ ሞርሳው አንድ ወር አይቆይም። ልሙት፣ አንድ ወር አይቆይም።»

ይህን አማቼን ሃያ ዓመት ሙሉ አፉ ለወሬ እንጂ ለቁም ነገር አይከፈትም ስል ኖሬያለሁ።

ወደ ቤት ስትሸኘኝ ልጄ የወንድሟን ሚስት ማማት ጀመረች። «ያቺ ሴትዮ ሁሉን ጠቅልላ ያዘች። አንድ ቀን እንኳ አባዬ እንዴት ነህ ብላ መጣች?»

መጥታ ነበር። በሁለተኛው ሳምንት ፖስታ ይዛ መጣች። ከፍቼ ሳላየው ገንዘብ መሆኑ ገባኝና «ለማኝ አደረግሽኝ?» ብዬ ከደጃፍ ወረወርኩት። ጎንበስ ብላ ከጭቃው አነሳችው፣ በቀሚሷ ጠረገችው፣ ሄደች። ይህን ለልጄ አልነገርኳትም። ይህን ገጽ ጠበቃዋም አታየውም።

ማክሰኞ፣ 109ኛ ቀን

ዝናብ። ጣሪያው በሁለት ቦታ ያፈሳል። አንዱ ባልዲው ውስጥ፣ አንዱ አልጋዬ ላይ። አልጋውን ሳብኩ።

ለማንም ያልነገርኩት ነገር አለ። የጠገንኩት ጓጉንቸር ሁሉ ምልክት አለው፤ ከቁልፉ ቀዳዳ ሥር ሁለት የሞረድ ጭረት። ከጥቂት ዓመት ወዲህ ልጄ በሚያመጣው ከረጢት ውስጥ የራሴን ምልክት ማግኘት ጀመርኩ። ተመልሶ የመጣ ሥራ ነው ማለት ነው። ለቅጣቴ ሦስተኛ ጭረት አደረግሁበት። ከዚያ አራተኛ። ሰባት ጭረት ያለው አለ።

አንድ ቀን አንዱን አሳየሁትና «ይቺ ተመልሳ መጣች፤ እጄ እየከዳኝ ነው መሰለኝ» አልኩት። ሳቀና «እጅህ ምን አደረገ፤ የዘንድሮ ሰው አዘጋግ አያውቅም፣ እንደ በሬ ነው የሚታገላት» አለኝ። እውነትም ሁሉም የሚበላሹት አንድ ቦታ ላይ ነው፤ ሞላው፣ ምላሱን የሚገፋው ሽቦ ላይ።

ዳኛው ይህን ቢሰማ ባለሙያ አይለኝም።

ሐሙስ፣ 118ኛ ቀን

ባለቤቱ መጣ፤ የክፍሌ ባለቤት። ጨዋ ሰው ነው፣ ኮፍያውን አውልቆ ነው የሚያስጨንቀኝ። «ጋሼ፣ እስከ ወሩ መጨረሻ ነው የምታገሰው። እኔም ልጆች አሉኝ።» ኪራይ ካልከፈልኩት ሦስት ወር ሆኖታል።

ከሰዓት ሄጄ ፈረምኩ። ማመልከቻው ላይ ያ ቃል አለ። «ጥገኛ የሚለውን በሌላ ቀይሪልኝ» አልኳት ጠበቃዋን።

«የሕጉ ቃል ነው አባት።»

«ሕግ የጻፈው ሰው አባት የለውም?»

ስሜን ስጽፍ ብዙ ጊዜ ፈጀብኝ፤ ልጄ እየተቁነጠነጠች ጠበቀችኝ። በግራ አውራ ጣቴ ቃሉን ሸፍኜ ነው የፈረምኩት።

የምጠይቀው ከማን ላይ ነው? ከልጅ ልጄ ላይ። ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ከሷ ጉሮሮ ልነጥቅ።

ዓርብ፣ 126ኛ ቀን

የምራቴ ጠበቃ መልስ ሰጠ። ልጄ አነበበችልኝ፦ «አመልካች በእጃቸው ሙያ የሚተዳደሩ፣ ለሠሩት ሥራ ተገቢውን ዋጋ ሲቀበሉ የኖሩ እንጂ የሟች ጥገኛ አልነበሩም።»

«ድገሚው እስቲ» አልኳት።

ደገመችው።

«ጥሩ ጽፏል። ማነው ይሄ ሰውዬ?»

«አባዬ! ይሄ እኮ የነሱ መልስ ነው! እኛን ሊረቱበት ነው!»

«ይርቱበት። እውነት ነው።»

ወረቀቱን ጠረጴዛው ላይ ጥላ ወጣች። አጥፌ ከሚስቴ ፎቶ ጀርባ አስቀመጥኩት። በሙያቸው የሚተዳደሩ። የልብ ልብ ሰጠኝ።

የበላሁት፦ ዳቦ።

ሰኞ፣ 136ኛ ቀን

ፍርድ ቤት። አግዳሚው ጠባብ ነው። ምራቴ በወዲያኛው በኩል ብቻዋን ተቀምጣለች፤ ከስታለች።

ዳኛው ጠየቀኝ። «ልጅዎ ይረዳዎት ነበር?»

«አይረዳኝም ጌታዬ። እሠራለሁ፣ ይከፍለኛል።»

ጠበቃዬ ግንባሯን ያዘች። ምራቴ ቀና ብላ አየችኝ። የረታች ሰው አስተያየት አልነበረም።

«ታዲያ አባት፣ ምን ፈልገው ነው የመጡት?» አለ ዳኛው። ከኋላ ሰው ሳቀ።

ልጄን፣ ልለው ነበር። «ሥራዬን» አልኩ።

ቀጠሮ ሰጡን፤ ከሃያ አራት ቀን በኋላ። ያለዎትን ማስረጃ ይዘው ይቅረቡ ተባልኩ። ምን ማስረጃ አለኝ?

ረቡዕ፣ 138ኛ ቀን

ልጄ አልደወለችም። ዝናብ። ባልዲው ሁለቴ ሞላ። የበላሁት፦ እንጃ።

ቅዳሜ፣ 148ኛ ቀን

ዛሬም መኪና ቆመ፣ ተነሳሁ። አማቼ ነው። መነጽር አምጥቶልኛል፤ የዛሬ ሳምንት ጎትቶ ዓይኔን አስለክቶኝ ነበር። «ከእንግዲህ ምን ላይ እንደሚፈርሙ ያንብቡ እንጂ» አለኝ። ለምራቴ ጠበቃ የሰጠሁትን ምስጋና ልጄ ነግራዋለች። ሲስቅ ትከሻው ይንቀጠቀጣል። እኔም ሳቅሁ፤ ከስንት ጊዜ በኋላ።

ሲሄድ መነጽሩን አደረግሁ። ክፍሌ ቆሻሻ ኖሯል። የሚስቴን ፎቶ አየሁ። ፈገግ ብላ ኖሯል። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ የተቆጣችኝ ይመስለኝ ነበር።

እሑድ፣ 149ኛ ቀን

ከረጢቱን ከምስማሩ አወረድኩ። ሰው የተቀበለውን ሥራ ጨርሶ መመለስ አለበት፤ ጌታው ቢሞትም።

መነጽሩን አድርጌ የመጀመሪያውን ሞርሳው ላይ አሰርኩት። የታችኛውን ክዳን ላነሳ ስል ዙሪያውን የመዶሻ ምት አየሁ። የሳተ ምት ነው፣ ሦስት አራት ቦታ። አንድ ሰው ከፍቶ መልሶ ዘግቶታል። ደንበኛ ጓጉንቸር አይከፍትም። ሌባም ቢከፍት አይዘጋም።

ሞላው ታጥፏል። ያረጀ ሞላ ይላላል እንጂ አይታጠፍም። ብርሃን ላይ አወጣሁት፤ የፒንሳ ጥርስ ነክሶታል። የታጠፈው ወደ ግራ ነው። እኔ ባጣምመው፣ ማንም በቀኙ የሚሠራ ሰው ቢያጣምመው፣ ወደ ቀኝ ነው የሚሄደው።

ሁለተኛውን ከፈትኩ። ወደ ግራ። ሦስተኛውን። ወደ ግራ።

ልጄ ግራኝ ነበር።

አሥር ዓመት ሲሞላው እዚህ ጠረጴዛ ላይ ሙያዬን ላስተምረው ሞክሬ ነበር። ፒንሳውን በግራው አነሳ። «በቀኝህ!» አልኩት። አሁንም በግራው። በሞረዱ እጀታ ጣቱን መታሁት። በቀኙ ሲሞክር መዶሻው ይስታል፤ በግራው ሲሞክር እኔ እመታዋለሁ። በሦስተኛው ወር «አንተ እጅ የለህም፤ ሂድና ሸቅጥ» አልኩት። ሄዶ ሸቀጠ። እናቱ አንድ ሳምንት አላናገረችኝም።

አሥራ አንዱን ከፈትኩ፤ አንዱ ያ ባለ ሰባት ጭረቱ ነው። አሥራ አንዱም ወደ ግራ። ክዳኑን ሲመልስ የሳታቸውን ምቶች አንድ በአንድ በጣቴ ዳበስኳቸው። ሲያየኝ የነበረው ለካ እንዴት እንደሚፈታ ሊማር ነው። በስንት ዓመቱ ተማረ።

አሥራ ሁለተኛውን አልከፈትኩትም።

ጨለማ ውስጥ በጣቴ ፈትቼ እገጥማለሁ ብዬ ነው ይህን ደብተር የጀመርኩት። ዓይኔስ ደክሟል እንበል። ጣቴ ይህን ሁሉ ዓመት የሞላውን አቅጣጫ ሳይለይ ቀረ? ወይስ ለይቶ ዝም አለ? አላውቅም። አላውቅም ብዬ ልጻፈው።

ማክሰኞ፣ 151ኛ ቀን

አንዱን ሞላ በወረቀት ጠቅልዬ ሱቁ ሄድኩ። ምራቴ ከባንኮኒው ጀርባ ምስማር ትመዝናለች። የልጅ ልጄ ጥግ ላይ የቤት ሥራዋን ትጽፋለች፤ በግራዋ።

ወረቀቱን ፈትቼ አስቀመጥኩላት። አየችው። ወዲያው ወንበር ሳበችልኝ።

«መቼ ነው የጀመረው?» አልኳት።

«እማማ ባረፉ በሁለተኛው ወር። ‹አባቴ እጁን አጣጥፎ ከተቀመጠ እናቴን ይከተላታል› አለኝ።»

«ደንበኞቹስ?»

«አባባ፣ ዛሬ ጓጉንቸር የሚያስጠግን ማን አለ? ሲበላሽ ይጥልና አዲስ ይገዛል። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት እየጨመረ ብዙ ደርዘን ለራሱ ገዛ። እነሱው ናቸው ሲመላለሱ የኖሩት። ዓርብ ሱቅ ከዘጋን በኋላ እዚህ ተቀምጦ ያበላሻቸዋል። ስንቴ አውራ ጣቱን መታ መሰለዎት!»

አውራ ጣቱ ታስሮ ያየሁባቸው ቅዳሜዎች ትዝ አሉኝ። «በር ነው» ይለኝ ነበር።

«ለፍርድ ቤቱ ለምን አልተናገርሽም?»

«አስምሎኛላ። ‹እኔ ብሞት እንኳ እንዳይሰማ› ብሎ። ጠበቃው ሲጠይቀኝ የሥራ ዋጋ ነው አልኩት። እርስዎም ደስ የሚልዎት ያው ነው ብዬ።»

«ደስ ብሎኝ ነበር» አልኩ። ከዚያ ጠየቅኋት። «ስሜን ኑዛዜው ላይ ለምን አልጻፈውም?»

«ምን ብሎ ይጻፍዎት? ‹ለምረዳው አባቴ› ብሎ? ያነቡታል እኮ አባባ! ‹ቅዳሜ ቅዳሜ ጓጉንቸሩን አንቺ ውሰጂለት፤ ወረቀት ላይ ከሰፈረ አይቀበልም› ነው ያለኝ።»

የልጅ ልጄ እርሳሷን ቀረጸች።

«ታዲያ ለምን ጓጉንቸሩን አላመጣሽውም? ለምን ፖስታ?»

ፊቷ ቀላ። «ሞከርኩ። ሁለት ቀን ታገልኩ፤ አንዱንም መክፈት አልቻልኩም። ጓጉንቸሩን ማበላሸት ቢያቅተኝ ነው የአንዱን ደርዘን ዋጋ በፖስታ ይዤ የመጣሁት።»

ሳቄ መጣ። እሷም ሳቀች፤ ከዚያ ባንኮኒው ላይ ተደፍታ አለቀሰች። እጄን የት እንደማደርገው ጠፋኝና ጭንቅላቷ ላይ አስቀመጥኩት። ደንበኛ ገብቶ «ባለ ስምንት ምስማር አለ?» አለ። ባንኮኒው ላይ ያለውን መዝኜ የሸጥኩለት እኔ ነኝ።

ሐሙስ፣ 160ኛ ቀን

ዳኛው «ማስረጃ አለዎት?» አለኝ። ከኪሴ አንድ ጓጉንቸር አውጥቼ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ። ባለ ሰባት ጭረቱን። ጠበቃዬ ምን እንደማደርግ አታውቅም፤ አልነገርኳትም።

«ያለፈው ቀጠሮ የተናገርኩት ልክ አይደለም ጌታዬ» አልኩ። «ልጄ ነው ሲያበላኝ የኖረው። አሥራ አንድ ዓመት። ይህን ጓጉንቸር እሱ ያበላሸዋል፣ እኔ እጠግነዋለሁ፣ መልሶ ያበላሸዋል። ጭረቱን ይቁጠሩት። ሥራ የሠራሁ መስሎኝ ነበር። ልጅ ሳለ ግራ እጁን በሞረድ እጀታ መትቼዋለሁ። ያ የመታሁት እጅ ነው የጦረኝ።» ከዚያ ያንን ቃል አልኩት። «ጥገኛው ነበርኩ።»

ከኋላ የሳቀ የለም። ዳኛው መነጽሩን አውልቆ ጭረቱን በጥፍሩ ቆጠረ።

ምራቴን ጠየቃት። ቆመች። «እውነት ነው። እንዳልናገር አስምሎኝ ነው። ከሱቁ ለአባባ የሚገባው እንዲሰጥ ቀድሞም አልተቃወምኩም። እምቢ ያሉት እሳቸው ናቸው።»

በዚያው ተስማማን። የክፍሌ ኪራይና የየወሩ ቀለብ ከሱቁ ይከፈላል፣ እስከ ዕድሜዬ ፍጻሜ። የክፍሌ ባለቤት ክሱን ሰምቶ የታገሰኝ ውዝፍ ኪራይም አብሮ። ቀለብ ብዬ ጻፍኩት፤ እጄ አልተሰበረም። ስምምነቱ ላይ ስፈርም አውራ ጣቴን ምንም ላይ አላደረግሁም።

ውጭ ልጄ የወንድሟን ሚስት አቅፋ ስትነፋረቅ አገኘኋት። አማቼ ጃንጥላ ይዞላቸዋል። ጠበቃዋ ጆሮዬ ላይ «አባት፣ ይህን መጀመሪያ ቢነግሩኝ ምን ነበረ?» አለች።

«መጀመሪያ አላወቅሁም» አልኳት። ግማሽ እውነት።

ቅዳሜ፣ 162ኛ ቀን

መኪና ቆመ። ተነሳሁ። የኔ አይደለም። ተቀመጥኩ። እንዲህ እያልኩ እለምደዋለሁ፣ ወይም አልለምደውም።

የአባት ዕዳ ለልጅ ይባላል። የኔ ተገላቢጦሽ ነው። ከሱቁ የሚመጣው ለአፌና ለጣሪያዬ ይሁን፤ ሌላውን ዕዳ ግን ማንም እንዲከፍልልኝ አልፈልግም። ራሴ እከፍላለሁ።

ለጠበቃዋ፦ የቢሮዋ በር። ሰኞ ዘይትና ሞረድ ይዤ እሄዳለሁ። ሦስተኛ ፎቅ ቢሆንም።

ለክፍሌ ባለቤት፦ የግቢው ቁልፍ ሁለት ጊዜ ካልተገፋ አይዘጋም። እሱን።

ለአማቼ፦ ሃያ ዓመት ስላማሁት። በአፌ ልበለው ይሆን? ሞርሳዬን ሲያየው ደስ ይለዋል፤ መጥቶ ይሞክር።

ለሴቷ ልጄ፦ ስለ ፖስታው እነግራታለሁ። ትጮህብኛለች። ትጩህ።

ለምራቴ፦ ፖስታውን ከጭቃ ስላስለቀምኳት። ለዚህ የሚመጥን ነገር ገና አላገኘሁም። እስካገኝ ድረስ ማክሰኞ ማክሰኞ ሱቁ ሄጄ ምስማር እመዝንላታለሁ።

ለሚስቴ፦ ያቺ የዝምታ ሳምንት።

ለልጅ ልጄ፦ ፒንሳ አያያዝ በግራዋ አስተምራታለሁ፤ ካልፈለገች ትተወው። መጀመሪያ ግን እኔ በግራዬ መያዝ መልመድ አለብኝ። ትናንት ሞከርኩ። አውራ ጣቴን መታሁት፤ አብጧል።

ለልጄ፦ አሥራ አንዱን ጠግኜ፣ ዘይት ቀብቼ፣ ዛሬ ሱቁ መለስኩ። አሥራ ሁለተኛው ምስማሩ ላይ ነው። ሞላው ውስጡ እንደታጠፈ ነው፣ ወደ ግራ። እሱን አልጠግነውም።